ለሽማግሌ የሚሆን ጥፋት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ባለቤቴ ዛሬ ስልክ አወራች። ስልክ ማውራት ስል እንደ ሰው ማለቴ አይደለም። ፈይዛ መካነ ሰላም ላይ ቆማ አቀስታ ላሉት ዘመዶቿ በገዛ ድምፅዋ ነው የምታደርሰው፤ ስልኩን የምትይዘው ለወጉ ነው። «ያ አባዬ! ዝናብ ጣለ ወይ?» ስትል የአከራያችን የእትዬ የሺእመቤት ዶሮ ከታቀፈችው እንቁላል ላይ ተነሳች። አባቷ ዝናብ መጣሉን መለሱላት። እሱንም ከነሳላቸው ሰማሁት።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል» አልኳት።

«ይስማ! ዝናብ መጣሉ ሚስጥር ነው?»

ከጥር ጀምሮ የምኖረው እንዲህ ነው። በትምህርቴ የቋንቋ ሰው ነኝ፤ በሥራዬ የወረዳውን ዜና እጽፋለሁ፤ ቃል መርጬ፣ ዓረፍተ ነገር አሳምሬ። ማታ ቤቴ ስገባ የምትጠብቀኝ ከሸንተረር ሸንተረር ስትጣራ ያደገች፣ ከኔ በአንድ ራስ የምትበልጥ የበግ ነጋዴ ናት። በሠርጋችን ፎቶ ላይ ድንጋይ ላይ ቆሜያለሁ። ፎቶ አንሺው ድንጋዩን ለመደበቅ ብዙ ለፋ፤ ግን ይታያል።

ያገባኋት አባቴን ላለማስቀየም ነው። አባቴና አባቷ ሼህ አብዱልጀሊል በወጣትነታቸው አንድ ሼህ ዘንድ አብረው ቁርኣን የቀሩ ናቸው፤ ልጆቻችንን እናጋባለን ተባብለው ነበር። እኔ እምቢ ልል ነው የሄድኩት። ስደርስ ፈይዛ በግ ተሸክማ ወንዝ ትሻገራለች፤ ውሃው እስከ ጉልበቷ ደርሷል፤ ከበጉ ጋር እያወራች ትስቃለች። ቁጭ ብዬ አየሁ። ከዚያ እሺ አልኩ። እንግዲህ ለአባት መታዘዝ ማለት ይሄ ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ግብዣ ነበር። ከደሴ እንግዶች መጥተዋል፤ የቢሯችን ኃላፊ ያስጎበኛል፤ እኔ በሙሉ ልብሴ ከጎናቸው ቆሜ ስለ ወረዳችን ገጽታ አስረዳለሁ። ንግግሬ እየያዘልኝ ነበር፤ አንዲት የተማረች የምትመስል እንግዳ ራሷን እየነቀነቀች ትሰማኛለች።

ከውጭ በር ድምፅ መጣ። «ሁዜይፋ! ጃንጥላህን ረሳህ! ትበሰብሳለህ እኮ!»

ግቢው በሙሉ ዞረ። ፈይዛ በላስቲክ ቦት ጫማዋ፣ ጋቢዋን አጣፍታ፣ ጃንጥላውን እንደ ዱላ ከፍ አድርጋ ይዛ ቆማለች። እንግዳዋ ፈገግ ብላ «ማናት?» አለችኝ።

«የዘመድ ልጅ ናት» አልኩ። «ከገጠር መጥታ ነው።»

አፌ ነው ያለው። ደግሞስ ክፋቱ ምኑ ላይ ነው? የአባቴ ወዳጅ ልጅ ከዘመድ አትቆጠርም? ፈይዛ በሩ ላይ ስለነበረች አልሰማችም። ጃንጥላውን ለባልደረባዬ ለንጉሡ ሰጥታ ተመለሰች። ንጉሡ ሲያቀብለኝ ዓይን ዓይኔን አየኝና ምንም አላለም። ንጉሡ ሲናገር ከቁብ የምቆጥረው ሰው አይደለም፤ ዝም ሲል ግን ያናድዳል።

ዝናቡ ወረደው። እንግዶቹ በሰበሱ። እኔ አልበሰበስኩም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ጠዋት። ተቻኩያለሁ። ፈይዛ እናቷ ጭቃ ላይ ወድቀው እግራቸውን መጎዳታቸውን ሰምታ አቀስታ ልሂድ አለች። ሂጂ አልኳት። የግብዣውን ዜና ማድረስ ስለነበረብኝ መናኸሪያ አልሸኘኋትም። ለመውሊድ የምታደልበውን ሙክት ይዛ ሄደች፤ በሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭና። ሰው ሲያይ ምን ይላል።

እሑድ፣ ሰኔ 29

ፀጥታ! ሰው ፀጥታ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ካገባ በኋላ ነው። ተኛሁ፤ ተነሳሁ፤ ማንም በሬን እየደበደበ ለሰላምታ አልመጣም፤ ማንም ከመንገድ ዳር ተጠርቶ እንጀራ አልበላብኝም። መጽሐፍ ከፈትኩ።

የግድግዳው ሰዓት እንዲህ እንደሚጮህ ግን አላውቅም ነበር። ባትሪውን አወጣሁት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

እትዬ የሺእመቤት ከቧንቧው አጠገብ ያዙኝ።

«አብሽር ልጄ፣ አብሽር» አሉኝ።

«ምን ሆንኩና?»

«ትመጣለች፤ አይዞህ። ሁሉም ቤት ያለ ነው።»

«እትዬ፣ እናቷን ልትጠይቅ ነው እኮ የሄደችው።»

«ይሁና። በጊዜያችን ሁላችንም እናታችንን ልንጠይቅ ነው የሄድነው።» እንስራቸውን አነሱ። «ባሏ መናኸሪያ ያልሸኛት፣ ሙክቷን እንኳ ያልተወች ሴት… እኔ እንጃ። ብቻ ሽማግሌህን ቶሎ ላክ።»

እስኪ ይታይ! አንዲት ሴት በግ ይዛ ወላጆቿ ቤት ስለሄደች ሰፈሩ ፈረደብኝ። ለነገሩ እሷ የምትሄድበት ቤት ሁሉ በግ ይዛ ነው የምትሄደው።

አሁን ሳስበው ግን ስትሄድ «ደህና ሁን» አለችኝ። በሙሉ አፏ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ደወልኩ።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩሙ ሰላም።»

«እናትሽ እንዴት ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ዝናቡስ?»

«አለ፣ አልሐምዱሊላህ። አንተስ ደህና ነህ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«በል እሺ።»

ይኸው ነው። በዚህ ውስጥ ኩርፊያ ያገኘ ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ሁሉም ነገር አልሐምዱሊላህ ነው።

አንድ ነገር ብቻ። ሌላ ጊዜ ስልኩን ከጆሮዬ ክንድ አርቄ ነበር የማዋራት። ዛሬ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ በሌላው እጄ ሌላውን ጆሮዬን ደፍኜ ነው የሰማኋት። ቀስ ብላ ነበር የምታወራው። ቀስ በይ ስላት የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ይኸው ሰማችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ነገሩን እንደ ተማረ ሰው ላስቀምጠው።

አኩርፋ ከሆነ የሄደችው፣ ሽማግሌ መላክ አለብኝ። ካልላክሁ አልፈልጋትም ማለት ነው፤ አባቷም ዕቃዋን የሚወስድ ሰው ይልካሉ፤ በዚያው አለቀ። እናቷን ልትጠይቅ ከሆነ የሄደችውና እኔ ሽማግሌ ከላክሁ ደግሞ፣ ማንም ሳይከሰኝ ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ራሴን አሳጣሁ፤ እስከ ሞቴ ይሳቅብኛል። ስለዚህ አኩርፋ ይሁን አይሁን ማወቅ አለብኝ። ደውዬ «አኩርፈሻል ወይ?» ልላት እችላለሁ። ግን ሚስቱ ማኩረፏን የማያውቅ ባል ምን ዓይነት ባል ነው? ጥያቄው ራሱ ያስኮርፋል።

ዕቃዋን አየሁ፤ መፈተሽ አይባልም። ወፍራሙ ጋቢዋ አለ፤ ይህ ደግ ነው። ግን በጣም ያረጀ ነው፤ ይህ ደግ አይደለም። የሠርጉ ቀሚሷ አለ። ሽቶዋ የለም። ሽቶ የሚባል ነገር ነበራት ወይ? የሷ ሽታ የሱፍና የሳሙና ነው። ትራሱ ላይ ትንሽ ቀርቷል።

ዛሬ በጻፍኩት ዜና «ማኅበረሰቡ በተለመደው ጨዋነቱ» የሚለውን «በተለመደው ዝምታው» ብዬ ጽፌ ኃላፊው መለሰልኝ። «አንተ ሰው፣ ሚስትህን አምጣ» አለኝ። እሱም ሰምቷል። ጎበዝ ወረዳ ነው፤ ሌላው መረጃ ሲንቀረፈፍ የኔ ትዳር ይበራል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

አባቴ ደወሉ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«መውሊድ ሲደርስ ምን ልትለኝ ነው? ኸሼህ አብዱልጀሊል ጋር በየትኛው ዓይኔ ልተያይ ነው?»

«አባዬ፣ አልተጣላንም።»

«ካልተጣላችሁ የት አለች?»

ጥያቄው የሞኝ ነው፤ እኔ ግን ኔትወርክ የለም ብዬ ዘጋሁት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ላክሁ። አዎን፣ ላክሁ። ለአባቴ ስል ነው።

ሼህ ሀቢቡላህና ጋሽ ውበቱ ቤቴ መጡ። አንዱ ከመስጊድ፣ ሌላው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው የሚገናኙ፣ አብረው ያረጁ አስታራቂዎች ናቸው። በዚህ ከተማ ያለ እነሱ የታረቀ ባልና ሚስት የለም፤ አንዳንዱ እነሱን ለመጥራት ሲል የሚጣላ ይመስለኛል። ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። እኔ እንደ ተከሳሽ ፊታቸው ቆምኩ።

«እህ፣ ምን አጥፍተህ ነው?» አሉኝ ሼህ ሀቢቡላህ።

«ምንም አላጠፋሁም።»

«ምንም ሳታጠፋ እኛ ምን ይዘን እንሂድ? አፉ በሉት፣ ይቅር በሉት ስንል፣ ምኑን ቢሉን ምን እንላለን?»

«ባዶ እጃችንን ሰው ደጅ ልታቆመን ነው?» አሉ ጋሽ ውበቱ፤ ተቆጥተዋል።

ይኸው ነው እንግዲህ የኛ እርቅ! ጥፋት ከሌለህ ከየትም ብለህ ታመጣለህ። አሰብኩ። «ስልክ ስታወራ ቀስ በይ እላታለሁ» አልኩ።

ተያዩ። «ይሄ ምክር ነው» አሉ ሼህ። «ሌላ?»

«ስትሄድ አልሸኘኋትም።»

«እሱ ይያዝ። ብቻውን ግን አቀስታ አያደርስም።»

«አንድ ቀን ደግሞ እንግዳ ፊት ወጡ ጨው በዝቶበታል ብያታለሁ።»

ጋሽ ውበቱ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ይችን ይችንማ እኔ ቁርስ ሳልበላ አጠፋታለሁ! የኔዋ ምሳ ሳይደርስ ትረሳዋለች። በዚህ ክረምት፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ያንን ጭቃ ለጨው እንድሻገር ነው? ወንድ ልጅ ኸሆንህ ደህና ጥፋት አምጣ እንጂ!»

እልህ ያዘኝ። ሰው እንዴት በጥፋቱ ይናቃል? እኔስ ማጥፋት አያቅተኝም!

«አንድ ሌላ አለ» አልኩ። የግብዣውን ነገር ነገርኳቸው። እንግዳዋ ማናት ስትለኝ ያልኩትን፣ ቃል በቃል።

ሼህ ሀቢቡላህ ሙስበሃቸውን መቁጠር አቆሙ።

«እሷ ታውቃለች?»

«አታውቅም፤ ሩቅ ነበረች። ስለዚህ እሱን ተዉት፤ ዝም ብዬ ነው ያነሳሁት።»

«ይሄ ያደርሳል» አሉ ጋሽ ውበቱ፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

«ኧረ ጋሼ፣ አታውቅም እያልኩ!»

«ስማ» አሉ ሼህ። «ሸሽገን አናስታርቅም። ነገ ኸሌላ ሰው ብትሰማው የኛ እርቅ ፈረሰ። ሰጠኸን፣ ተቀበልንህ።» ተነሡ። ጫማቸውን ሲያጠልቁ እንኳ አላዩኝም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ተመለሱ። ጭቃው እስከ ወገባቸው ነው። የሆነውን ሁሉ እንደነገሩኝ እጽፈዋለሁ፤ ሌላ የማደርገው ነገር የለኝም።

ሼህ አብዱልጀሊል ሽማግሌ ሲያዩ ተገርመው «ምነው በደህና?» አሏቸው። ለይቅርታ መምጣታቸውን ሲናገሩ ይባስ ገረማቸው። «ልጄ እናቷን ልታስታምም ነው የመጣችው። ኩርፊያ ብላ አልነገረችኝም» አሉ።

«እንዲህ ካሉ ምናለ ተነሥታችሁ ብትመጡ!» አልኳቸው።

«ምሳ ቀርቦ?» አሉ ጋሽ ውበቱ።

ምሳ ከበሉ በኋላ ሼህ አብዱልጀሊል «ሽማግሌ በከንቱ ይሄን ዝናብ አይሻገርም፤ ያመጣችሁትን ጥፋት አውጡት» አሏቸው። ፈይዛ ተጠርታ መጣች። ያለመሸኘቴን ሲነግሯት ሳቀች። የጨውን ሲነግሯት «እውነቱን ነው፤ በዝቶበት ነበር» አለች።

«ሦስተኛውንስ?» አልኳቸው።

«ተነሥታ ወጣች።»

«ምን ብላ?»

«ምንም ሳትል። በሩን እንኳ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።»

ፈይዛ በር ቀስ አድርጋ ስትዘጋ አይቼ አላውቅም። በዚህ ቤት ማጠፊያውን ያላወላለቀችው በር የለም።

«አባቷስ ምን አሉ?»

ሼህ ሀቢቡላህ ትንሽ አቅማሙ። «‹ዘመድ ኸሆነችማ፣ አባቷ ቤት መሆኗ ደግ ነው› አሉ። ‹ባሏ ነኝ የሚል ካለ ራሱ መጥቶ ይናገር፤ እኔ በሽማግሌ አልሰጥም።›»

ግሩም ነው። ድንቅ ነው። እናቷን ልትጠይቅ የሄደች፣ ምንም ያላወቀች፣ ምናልባትም ሰሞኑን የምትመለስ ሴት ነበረችኝ። ሁለት ሽማግሌ ቀጥሬ፣ በዝናብ አሻግሬ፣ የሚያስኮርፋትን ነገር እደጇ ድረስ ላክሁላት። ይህን የሚያደርግ ፍጡር ከበግ እንኳ አይገኝም። በየስብሰባው ስለ ተግባቦት ሥልጠና የምሰጠው ደግሞ እኔ ነኝ!

ደግሞ ምን ሆኜ ነው ያንን ያልኩት? ለማን ብዬ? የዚያችን እንግዳ ስም እንኳ አላውቀውም። ፈይዛ ያንን ሁሉ መንገድ የመጣችው እንዳልበሰብስ ብላ ነው። እንግዳዋ ማናት ስትለኝ ሚስቴ ናት ማለት ምን ነበረበት? ሁለት ቃል ናት። በየቀኑ ስንቱን ቃል በከንቱ እጽፋለሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 28

አባቴ ስልክ አያነሡም። እሷም አታነሣም።

እትዬ የሺእመቤት አብሽር ማለት ትተዋል። ይሄ ነው የከፋው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

መኪና የለም። መንገዱ ተደርምሷል ይላሉ፤ ከነገ ወዲያ ይከፈታል ይላሉ። መናኸሪያው ውስጥ እንደ ጠፋ በግ ስዞር ዋልኩ። ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ኃላፊው ሳልጨርስ ፈቀደ። ባል ራሱ አይሄድም፣ ነውር ነው ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ነውሩን ያደረግሁት እኔ፣ አሁን ደግሞ የነውር መምህሩ ሌላው።

ንጉሡ ከመናኸሪያው ደጅ አገኘኝ። «ያን ቀን ጃንጥላውን ስሰጥህ አንድ ነገር ልነግርህ አስቤ ነበር» አለ።

«ምን?»

አሰበና ሳቀ። «ተወው። ሂድ ብቻ።»

ይሄን ሰው አንድ ቀን አንቀዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3፣ ከሼህ አብዱልጀሊል ቤት

ጣቶቼ በብርድ ስለደነዘዙ ጽሑፌ ያስጠላል። የአቀስታ ብርድ ሐምሌና ነሐሴን አይለይም፤ ነፍስህን ከአጥንትህ ሊለይ ነው የሚመጣ። ከከተማው ወጥቼ በጉም ውስጥ ሽቅብ ስወጣ የከተማ ጫማዬ አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ሁለት እጄን ከትቼ ፈለግሁት፤ የለም። የቀረውንም አውልቄ ያዝኩት። እንዲህ ሆኜ ነው አማቼ ደጅ የደረስኩት፤ አንድ ጫማ በእጄ ይዤ።

ከቤቱ መዶሻ ይሰማል። ነፋስ የጣራውን ቆርቆሮ ገንጥሎት ነበር። ወንድሞቿ ዓረብ አገር ናቸው፤ አባቷ አርጅተዋል። ፈይዛ ጣራው ላይ ናት። ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ ምስማር በጥርሷ ይዛ ትመታለች። ድሮም ቀና ብዬ ነው የማያት፤ ዛሬ አንገቴ ሊሰበር ደረሰ።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ ከታች።

መዶሻው አላቆመም።

«ፈይዛ!»

ምስማሮቹን ከአፏ አወጣች፤ ወደ ታች ግን አልተመለከተችም። «ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አልሰማሁም! ዝናቡ ነው! ጮክ በል!»

ዝናብ አልነበረም። ካፊያ ነበር፤ ድመት እንኳ አትሸሸውም።

«ሁዜይፋ ነኝ!»

«የምን ሁዜይፋ?»

«ባልሽ!»

«እንዴት ነው ነገሩ? ዘመዴ ነህ ሲሉ ሰምቼ!» አለችና አንድ ምስማር መታች። «እኔስ? ላንተ ምንህ ነኝ?»

ከማዶ ሸንተረር ያሉ ቤቶች ደጃቸው ላይ ሰው ወጣ። አባቷ ከቤት ወጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ ሰላምታዬን እንኳ አልተቀበሉም። ዕድሜዬን በሙሉ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የኖርኩት። የጨዋ ሰው ምልክት ነው ብዬ አምን ነበር።

«ሚስቴ ነሽ» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ሚስቴ ነሽ!»

«ነፋሱ ወሰደው!»

«ሚስቴ ናት!» ብዬ ጮህኩ። ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ። «ፈይዛ ሚስቴ ናት! የዘመድ ልጅ አይደለችም! ሚስቴ ናት!»

ሸንተረሩ መልሶ አስተጋባው። ውሾች ጮሁ። ከማዶ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ እጁን ወደ አፉ አስጠግቶ «ማሻአላህ! አላህ ያዝልቀው!» ብሎ መለሰልኝ።

መዶሻው ቆመ። ፈይዛ አሁን አየችኝ፤ ባዶ እግሬን፣ በእጄ ያለውን ጫማ፣ ሁሉንም። የሚቀጥለውን አልጠየቀችኝም፤ እኔም ልናገር አስቤ አልነበረም።

«ናፈቅሽኝ» አልኩ። «ቤቱ አስጠላኝ። ካለ አንቺ መኖር አልችልበትም።»

ይህን በጩኸት አላልኩትም። ድምፅም አልቀረልኝም ነበር። መዶሻዋን ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠችና በመሰላሉ ወረደች።

«ሰማሽኝ?» አልኳት።

«ድምፄ ትልቅ ስለሆነ ጆሮዬ ትንሽ መሰለህ?» አለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ከብርዱ ይሆናል። «ያን ቀንም በሩ ላይ ሆኜ ሰምቼሃለሁ።»

ጫማው ከእጄ ወደቀ።

«ታውቂ ነበር?»

«ሳልሰማ እንዴት እቀራለሁ? ‹ከገጠር መጥታ ነው› ስትልም ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ… አኩርፈሽ ነው የሄድሽው?»

«እናቴም ታማለች።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«እኔ ልንገርህ እንዴ? አንተ ነበርክ የምትነግረኝ! ያን ቀን ማታ ጠበቅሁህ። ስሄድ፣ መናኸሪያ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁህ። ስትደውል ዛሬስ ይነግረኛል እላለሁ፤ አንተ ስለ ዝናብ ትጠይቀኛለህ!»

«ሽማግሌዎቹ ሲነግሩሽ ተነሥተሽ ወጣሽ አሉኝ።»

«እነሱ ፊት አልቅሼ ላዋርድህ ነበር?» አለች። «የማታውቂ ይመስለዋል አሉኝ። አታውቅም ብለህ እያሰብክ ኸራስህ አፍ አውጥተህ መላክህ… በቃ አልቻልኩም፣ ወጣሁ።»

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቴ ታውቃለች። ጃንጥላውን ሲቀበላት ያያት ንጉሡም ያውቃል። ከሁሉም በላይ ተምሬያለሁ የምለው እኔ ብቻ ነኝ ሳላውቅ ክረምቱ የተጋመሰብኝ። ጨው በዛ እያልኩ ስቀባጥር ጋሽ ውበቱ ባይንቁኝ ኖሮ እስከ ዛሬም አልነግራትም ነበር። ያ እልህ ነው ያዳነኝ፤ ጭንቅላቴ አይደለም።

አባቷ የተደገፉትን ግድግዳ ለቀቁ። «ግባና እግርህን ታጠብ» አሉኝ። «ይቅር አላልኩህም፤ ብርድ ስለሆነ ነው።»

ታጠብኩ። ውሃውን ያመጣችልኝ እሷ ናት፤ አስቀምጣልኝ ወደ ጣራዋ ተመለሰች። ምስማር የማቀብለው እኔ ሆንኩ። ሁለቱን ጣልኳቸው፤ ስድቧን ከማዶ ያለው ሽማግሌ ሳይሰማ አልቀረም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

መጣን። እናቷ በከዘራ መሄድ ጀምረዋል። ሼህ አብዱልጀሊል አፉ ብያለሁ ያሉት መኪናው ሊነሣ ሲል ነው፤ ያውም ለሷ እንጂ ለኔ አልተናገሩም። ሙክቱ ጣራ ላይ ተጫነ። እኔ በአማቼ ጎማ ጫማ ነው የመጣሁት፤ በሁለት ቁጥር ይበልጠኛል።

መንገዱን ሙሉ ፈይዛ ከሹፌሩ ጋር፣ ከረዳቱ ጋር፣ ከኋላችን ከተቀመጡት የቁርኣን ተማሪ ደረሶች ጋር ሁሉ ስታወራ መጣች። ከኔ ጋር አላወራችም። መካነ ሰላም ስንወርድ ንጉሡ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ከአንዲት ከማላውቃት ሴት ጋር ነበር። «ሚስቴ ፈይዛ ናት» አልኳት፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። ሴትዮዋ ግራ ገባት። ንጉሡ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ።

ፈይዛ ሙክቷን እየጎተተች ቀደመችኝ።

እቤት ስንገባ ጠየቅኋት፤ አሁንስ መጠየቅ አያሳፍረኝም።

«አኩርፈሻል?»

«አዎ።»

«እስከ መቼ?»

«እንጃ። እንደ አያያዝህ።»

በኛ አገር ሚስት ስታኮርፍ ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች። የኔዋ አኩርፋ ወደ ቤቷ መጣች። ለዚህ የሚሆን ሽማግሌ እንኳ የለም፤ ሼህ ሀቢቡላህን ከመስጊድ ሲወጡ ጠብቄ አማከርኳቸው፤ «ቤቷ ኸገባች እኛ ምን አገባን፣ ራስህ ቻለው» ብለውኝ ሄዱ።

ተመለስኩ። ፍራሹ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አልተነሣችም።